ለቤት አልባ አዛውንት ፒር ሆኜ ተቀጠርኩ፤ የራሴን ታሪክ ምን ያህል ላውራ?

ጥያቄ፦ 57 ዓመቴ ነው። የምኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ኪራዩን ብቻዬን መክፈል አቃተኝ። መጀመሪያ መኪናዬ ውስጥ አደርኩ፣ በኋላ ሼልተር (ቤት አልባዎች የሚያድሩበት መጠለያ) ገባሁ። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን መንግሥት በሚደጉመው ቤት ስቱዲዮ አግኝቻለሁ። በቅርቡ ደግሞ ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ ቤት አልባ ሰዎችን የሚያግዝ ድርጅት ፒር፣ ማለትም በዚያው ችግር አልፎ ሌላውን የሚደግፍ ሠራተኛ፣ አድርጎ ቀጠረኝ። ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። የራሴን ታሪክ ምን ያህል ነው የማወራው? ሼልተሩ ውስጥ አንድ አበሻ አዛውንት አሉ፤ በአማርኛ ሰላም ስላቸው በእንግሊዝኛ መልሰው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ምን ላድርግ? ቤት አግኝተው የወጡት ደግሞ ማታ ማታ ይደውሉልኛል። ላንሳ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ባለቤትዎን ነፍስ ይማር። ለሥራዎም እንኳን ደስ አለዎት። ወደ ጥያቄዎችዎ ከመግባቴ በፊት ስለ ሥራው ራሱ ትንሽ ላውራ። ብዙ ድርጅት ፒር ይቀጥርና ምን እንደሚያሠራው በቅጡ አያውቅም።

ኬዝ ማኔጀሩ ፎርም ይሞላል፣ ቤት ያፈላልጋል። ነርሷ ደም ግፊት ትለካለች። እንደኔ ያለው ሶሻል ወርከር ቀጠሮ ይይዛል፣ ማስታወሻ ይጽፋል። ፒር የሚቀጠረው ግን በዚያው መንገድ ስላለፈ ነው። አብሮ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ አብሮ ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ሌላው የሌለውን ጊዜ ይሰጣል። እኔ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ካገኘሁ ትልቅ ነገር ነው። እርስዎ ግማሽ ቀን ሊሰጡት ይችላሉ። የሦስቱም ጥያቄዎችዎ መልስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከአዛውንት ጋር ሲሠሩ ታሪክዎ በር ያስከፍታል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው አብሮነትዎ ነው።

ፒርነት እንደ ሙያ ገና ልጅ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ለፒር አገልግሎት መክፈል የጀመረው በ1999 ነው። ካሊፎርኒያ ሕጉን ያወጣችው በ2020፣ ሜዲ-ካል የሚባለው የካሊፎርኒያ ሜዲኬይድ መክፈል የጀመረው ደግሞ በ2022 ነው። ሰርተፊኬት የሚፈልግ ሰው 80 ሰዓት ይሠለጥናል፣ ይፈተናል። “መከራችንን በሰዓት ሂሳብ ገዙን” እያሉ የሚቀልዱ ፒሮች አውቃለሁ፤ አይፈረድባቸውም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ለሜዲ-ካሉ ሰርተፊኬት የሚጠየቀው የአእምሮ ጤና ወይም የሱስ ችግርን በራስ ወይም በቅርብ ቤተሰብ ያሳለፈ ሰው ነው። ቤት ማጣት ብቻውን አይበቃም። ድርጅትዎ ሰርተፊኬቱን ይፈልግ እንደሆነ አሁኑኑ ይጠይቁ። ከስድስት ወር በኋላ “ታዲያ ወረቀቱስ?” ብለው እንዳያስደነግጡዎት።

አሁን ወደ ሰዎቹ። እርስዎ ባሉበት ከተማ፣ እዚያው ኦክላንድ፣ ዶክተር ማርጎት ኩሼል የምትመራው ሆፕ ሆም የሚባል ጥናት አለ። በ2013 ሲጀመር 50 ዓመት የሞላቸውን 350 ቤት አልባ ሰዎች መዘገበ፤ በኋላ 100 ጨመረ። ከመጀመሪያዎቹ 350 ሰዎች 44 በመቶው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያጡት ከ50 ዓመታቸው በኋላ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ከዚያ ሥራ ይቆማል፣ ወይ ትዳር ይፈርሳል፣ ወይ እንደ እርስዎ የትዳር ጓደኛ ይሞታል፣ ኪራዩ ግን ይቀጥላል። ሌሎቹ ደግሞ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲወጡ ሲገቡ የኖሩ ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርገው እንዳያዩአቸው። የቆየው ሰው መንገዱን ያውቃል፤ የት ምግብ እንዳለ፣ የትኛው ጥበቃ ክፉ እንደሆነ ይነግርዎታል። አዲሱ ግን ዝም ይላል። ለኔ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው፤ ጥናቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ከተመዘገቡት 450 ሰዎች እስከ 2021 መጨረሻ 117ቱ ሞተዋል። በተመሳሳይ ዕድሜ ካለው የከተማው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ሞታቸው 3.5 እጥፍ ነው። ዘግይተው ቤት ያጡት ደግሞ ቀድመው ካጡት የበለጠ ለሞት ተጋልጠዋል።

ሰውነታቸውም ከመታወቂያቸው ይቀድማል። 58 ዓመት የተጻፈለት ሰው የ78 ዓመት ሰው ጉልበት ይዞ ሊያገኙት ይችላሉ። በዚያው ጥናት ሲሦው በስድስት ወር ውስጥ ወድቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ ሽንት የመቆጣጠር ችግር ነበረበት። ሩቡ የማስታወስና የማሰብ ችግር ታይቶበታል። ብዙዎቹ በደንብ አያዩም ወይም አይሰሙም። ይህን ቁጥር የምነግርዎት እንዲያዝኑ አይደለም፤ የሥራዎ ዝርዝር እሱ ስለሆነ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው ከሐኪም ቀጠሮው ይቀራል። አንዴ፣ ሁለቴ። ሠራተኛው “ፍላጎት የለውም” ብሎ ይጽፋል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ነገሩ ሌላ ነው። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይወስዳል። ክሊኒኩ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ይቀይራል። በመንገዱ ላይ መጸዳጃ ቤት የሚያስገባው ሱቅ የለም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አምልጦት፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ከአጠገቡ ተነስቷል። ከዚያ በኋላ ማን ይሄዳል? ይህን ለኔ አይነግረኝም። ፎርም ይዤ ስለምመጣ አይነግረኝም። ለእርስዎ ግን “እኔ መኪና ውስጥ ሳድር ትልቁ ጭንቀቴ መጸዳጃ ቤት ነበር” ካሉት ሊነግርዎት ይችላል። ከዚያ መፍትሔው ቀላል ነው። ቀጠሮው ወደ ረፋድ ይዞራል። መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ቢወስድ እንደሚሻል ነርሷ ትጠየቃለች። ቅያሪ ሱሪ በቦርሳ ይያዛል። ኢንሹራንሱ ትራንስፖርት የሚያቀርብ ከሆነ መኪና ይጠራል። እርስዎም አብረው ይሄዳሉ።

እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ብዙ ነው። ከተደራራቢው አልጋ የታችኛው ያስፈልገዋል፤ ላይኛው ላይ በጨለማ ሲወጣና ሲወርድ ነው ዳሌው የሚሰበረው። መነጽሩ ጠፍቶ ይሆናል፤ “ደብዳቤ አያነብም” የተባለው ለዚያ ነው። ጥርስ ከሌለው ሼልተሩ የሚያድለውን ፖም ምን ያደርግበታል? ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ የት ነው የሚያቀዘቅዘው? በመኪና ውስጥ ያደሩ እርስዎ ነዎት፤ እነዚህን ነገሮች ከማናችንም ቀድመው ይገምታሉ። ናርካንም (በኦቨርዶዝ፣ ማለትም ኦፒዮይድ የተባለ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ የወደቀን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት) ከእጅዎ አይለይ። በጥናቱ ከልብ ሕመምና ከካንሰር ቀጥሎ የገደላቸው ኦቨርዶዝ ነው። “ሽማግሌ አይጠቀምም” የሚባለው ወሬ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ታሪክዎ እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ ቆንጠር ሲያደርጉት ያጣፍጣል፣ ሲያፈሱት ያስለቅሳል። እኔ ለፒሮች የምነግራቸው ይህን ነው። አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት “ይህን የምናገረው ለማን ጥቅም ነው?” ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ለእሱ ከሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይንገሩት፣ ከዚያ ወደሱ ይመልሱት። ለእርስዎ እፎይታ ከሆነ ለሱፐርቫይዘርዎ ወይም ለነፍስ አባትዎ ያቆዩት።

ልዩነቱን ላሳይዎ። አንዲት የ68 ዓመት ሴት “ልጄ ጋ ደውዬ ሼልተር ነው ያለሁት ማለት አልችልም” አሉዎት እንበል። “አይ የኔ እናት፣ እኔስ ብትይ! ባለቤቴ ሲሞት ዘመዶቼ ሁሉ ሸሹኝ፣ ያ አጎቴ እንኳን…” ብለው ከጀመሩ አለቀ። ሴትየዋ እርስዎን ማጽናናት ይጀምራሉ። እናት ናቸው፣ አያስችላቸውም። ይልቅ “እኔም ለእህቴ ለመናገር ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እርስዎን ይበልጥ የከበደዎት የቱ ነው?” ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝምታው ሊረዝም ይችላል። ይርዘም። አዛውንት መልሳቸውን ከሩቅ ነው የሚያመጡት። እኛ የቢሮ ሰዎች ያ ዝምታ ስለሚጨንቀን ሌላ ጥያቄ ጣል እናደርጋለን፤ ወሬውን የምናበላሸው እኛ ነን።

ያልዳነ ነገርዎን አይንኩት። ስለ ባለቤትዎ ሞት ሲጠየቁ ድምፅዎ የሚቆራረጥ ከሆነ “እሱን ሌላ ቀን እነግርዎታለሁ” ማለት መብትዎ ነው። አለቆችዎም በየስብሰባው፣ በየለጋሹ ፊት “ነይ ታሪክሽን ተናገሪ” ቢሉዎት እምቢ ማለት ይችላሉ። የተቀጠሩት ለአዛውንቱ ነው፤ ለፈንድ ማሰባሰቢያ አይደለም። እንደዚሁም ቦርሳ ፈትሺ፣ ሕግ ያፈረሰውን ጠቁሚ፣ አልጋ አንጥፊ የሚል ትእዛዝ ከመጣ በትሕትና ግን በግልጽ ይከራከሩ። አንዴ ቦርሳ ሲፈትሹ ያየ ሰው ሁለተኛ ምሥጢሩን አይነግርዎትም።

አሁን ወደ አበሻው አዛውንት። ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ይበልጥ ወድጄዋለሁ፤ በየከተማው አይቼዋለሁና።

ሰውየው የጠሉት እርስዎን አይደለም። እርስዎ ማለት ለሳቸው ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ያለው የአበሻ ምግብ ቤት ነዎት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነዎት፣ ቤተ ዘመዱ ነዎት። ነገ አንዷ ለአንዷ ብትናገር ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ ይሰማል። ምናልባት ለሠላሳ ዓመት ገንዘብ ሲልኩ የኖሩ፣ የወንድም ልጅ ያስተማሩ፣ ለሰርግ ለለቅሶ የሚጠሩ “አሜሪካ ያሉት ጋሼ” ናቸው። ያንን ስም ይዘው እዚህ ታጣፊ አልጋ ላይ ይተኛሉ። እንግሊዝኛው መደበቂያቸው ነው። ይተዉላቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በእንግሊዝኛ ሰላም ይበሏቸው። “ጉድ ሞርኒንግ ሰር” በቂ ነው። የአገር ቤት ጥያቄ አይጠይቁ፤ የማን ልጅ፣ ከየት፣ መቼ መጡ የሚባል ነገር የለም። ፊት ለፊት አይቀመጡ፣ ከጎን ይቀመጡ። ቡና ሲቀዱ “ላምጣልዎት?” ይበሉ፣ እሺ ካሉ ያምጡ፣ ካላሉ ይለፉ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይታዩ። አንድ ጊዜ ግን ሰው በሌለበት ይህችን ያስሰሟቸው፦ “እኔም እዚህ አድሬ ነው የወጣሁት። እዚህ ያየሁት ሰው እዚህ ይቀራል።” ከዚያ መንገድዎን ይቀጥሉ። ቆመው መልስ አይጠብቁ።

አንድ ቀን በአማርኛ ይመልሳሉ። የመጀመሪያው አማርኛ ብዙ ጊዜ ቅሬታ ነው፤ “ይሄ ሾርባ ነው እንዴ!” ዓይነት። እሱ ትልቅ ዕርምጃ ነው፣ አብረው ይሳቁ። ከዚያ በኋላ “ጋሼ” ይበሏቸው። የሼልተሩ ሠራተኞች በስማቸው ብቻ የሚጠሯቸው ከሆነ ሚስተር ጨምረው እንዲጠሩ በእርጋታ ይንገሯቸው። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በባዶ ስም ሲጠራቸው ምን እንደሚሰማቸው እርስዎ ያውቃሉ፣ እሱ አያውቅም።

ቃልዎን ግን ይጠብቁ። ለጥሩም ቢሆን ለማንም አይንገሩ። “ቤተ ክርስቲያን ብነግር ገንዘብ ያዋጡላቸው ነበር” የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል። ያዋጡ ይሆናል፤ ሰውየው ግን በማግስቱ ከሼልተሩ ይጠፋሉ። ይፈልጉ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠየቁ። የምሥጢሩንም ልክ አስቀድመው ይንገሯቸው። ራስን ወይም ሰውን የመጉዳት ነገር፣ ወይም 65 ዓመት የሞላውን ሰው ሲመቱት ወይ ገንዘቡን ሲቀሙት ካዩ ዝም አይሉም፤ ለሱፐርቫይዘርዎ ይናገራሉ፣ ሪፖርት ይደረጋል። ከመነሻው ካላወቁት በኋላ ከዳችኝ ይላሉ።

ሌላው የዝምታቸው ምክንያት ወረቀት ሊሆን ይችላል። ይህን ነገር ብዙ ሶሻል ወርከር እንኳን ይዘነጋዋል። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገባ ሰው ዜጋ ካልሆነ ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ወርሃዊ የመንግሥት ገንዘብ) የሚያገኘው በአብዛኛው ለ7 ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ይቋረጣል። ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ 40 ኳርተር፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ የሥራ ታሪክ ይጠየቃል። በ2025 የፌዴራሉ ኤስኤስአይ ለአንድ ሰው ቢበዛ 967 ዶላር ነበር፤ ካሊፎርኒያ የምትጨምረው ሲታከልበት 1,200 ዶላር ገደማ። በሱም ኦክላንድ ውስጥ ቤት መከራየት ከባድ ነው፤ እሱ ሲቀር ግን ጭራሽ ምንም የለም። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ዜግነት ነው። አዛውንቱ ፈተናውን ስለሚፈሩ ግን አያመለክቱም። ፈተናው ለሁሉም አንድ እንዳልሆነ ይንገሯቸው። ዕድሜው 50 ሆኖ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የኖረ ሰው የእንግሊዝኛው ፈተና ይነሣለታል፤ የታሪክና የመንግሥቱን ጥያቄ በአማርኛ ይመልሳል። 65 የሞላውና 20 ዓመት የኖረ ደግሞ የሚያጠናው ጥያቄ በጣም ያነሰ ነው። የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው ከፈተናው ነፃ እንዲሆን ለመጠየቅ ሐኪም የሚሞላው ኤን-648 የሚባል ቅጽ አለ። እርስዎ ግን ቅጽ አይሙሉ፣ ምክርም አይስጡ። ነፃ የሕግ አገልግሎት ወዳለበት ይውሰዷቸው። በመካከላችን በገንዘብ ፎርም የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዱ ፋይል አበላሽቶ ሰው አስጠርዟል።

ሐኪም ቤትም አብረው ሲሄዱ አስተርጓሚ አይሁኑ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በስልክም ቢሆን። እርስዎ ከተረጎሙ ጋሼ ስለ ፕሮስቴታቸው አይናገሩም። በልጅነት የሚያዩዎት ሴት ፊት እንዴት ብለው?

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የማታው ስልክ። የቤት ቁልፍ ሲሰጥ ፎቶ ይነሣል፣ ይጨበጨባል፣ ፋይሉ ይዘጋል። በኔ ግምት ከባዱ ጊዜ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሼልተር ውስጥ ሠላሳ ሰው ያንኮራፋል፣ ይሳላል፣ ይጣላል። አዲሱ ስቱዲዮ ውስጥ ግን ፍሪጁ ብቻ ነው የሚያንጎራጉረው። አልጋ እያለ ወለል ላይ የሚተኙ አሉ። ቀኑን ሙሉ የድሮው ሰፈር ሄደው፣ ድንኳን ሥር ከጓደኞቻቸው ጋር ውለው ማታ የሚመለሱ አሉ። ብቸኝነቱ ሲከፋ ጓደኛ አምጥተው ያስተኛሉ፤ በዚያው ውሉ ይፈርሳል። እርስዎም አልፈውበታል ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ የሚደውሉት ችግር ገጥሟቸው ላይሆን ይችላል። ድምፅ ፈልገው ነው። የግል ቁጥርዎን ሰጥተው ከሆነ የድርጅቱን ስልክ ይጠይቁና ቀስ ብለው ወደሱ ያዛውሯቸው። ደፍነው አይዝጉባቸው። ማታ ከመደወላቸው በፊት ደግሞ እርስዎ ይደውሉ። ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ አሥር ደቂቃ። እንደሚደወልለት የሚያውቅ ሰው ሌሊቱን ይችለዋል። ለሌሊቱ የጭንቀት ጊዜ 988 አለ። ለወደቀ፣ ደረቱን ለያዘው 911 ነው። ቁጥሮቹን በትልቅ ጽሑፍ ጽፈው ከበሩ ጀርባ ይለጥፉላቸው፤ ስልኩ ውስጥ ቢያስገቡት ያለ መነጽር አያገኘውም።

ከዚያ ሌሎች ሰዎችን ያስገቡ። ቤት ድረስ መጥቶ የሚያግዝ ሠራተኛ አይ-ኤች-ኤስ-ኤስ በሚባለው የካሊፎርኒያ ፕሮግራም ይገኛል። ፔስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ 55 ዓመት ሞልቶት በነርሲንግ ሆም ደረጃ እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው ከሕክምናው ጋር ውሎ ማሳለፊያ ማዕከል አለው። ከሁሉም በላይ ግን እርስ በርሳቸው ያስተዋውቋቸው። አንዲት ፒር በሕንፃው የጋራ ሳሎን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ታፈላ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው፣ ሜክሲኳዊቷ፣ ቬትናማዊው ሁሉ ይመጣል። ዕጣኑ አንድ ቀን የጭስ አላርሙን አስጮኸውና የእሳት አደጋ መኪና መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ዕጣን ሆነ። ሦስተኛው ቡና ሲደርስ ግን ማን እንዳልመጣ ይታወቅ ነበር። ያልመጣውን ሰው በር ያንኳኩ ነበር። ሰው ወድቆ ወለል ላይ ሦስት ቀን እንዳይተኛ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሰው ይሞትብዎታል። ቁጥሩን ከላይ ነግሬዎታለሁ። ድርጅትዎ ፒር ሲያዝን ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ዕረፍት አለ ወይ፣ ቀብር ለመሄድ ሰዓቱ ይታሰባል ወይ። ሱፐርቫይዘርዎ በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ የማያነጋግርዎት ከሆነ ራስዎ ቀጠሮ ይያዙበት።

በመጨረሻ ስለ ራስዎ ኪስ። ቤትዎ በመንግሥት ድጎማ ከሆነ ኪራይዎ አብዛኛውን ጊዜ ከገቢዎ 30 በመቶ ገደማ ነው፤ ደመወዝ ሲጀምር እንደገና ይሰላል። የመጀመሪያው ቼክ እንደመጣ በጽሑፍ ያሳውቁ። ሳያሳውቁ ቢቆዩ የኋላውን በአንድ ጊዜ ይጠይቁዎታል። የዲዛቢሊቲ (የአካል ጉዳት ወይም የሕመም) ገንዘብ የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ሳይቋረጥ የሚሠሩበት የሥራ መሞከሪያ ጊዜ አለ፤ በሥራ ታሪክ ለሚሰጠው ለኤስኤስዲአይ በ60 ወር ውስጥ 9 ወር ነው። ለኤስኤስአይ ሂሳቡ ሌላ ስለሆነ የቤኔፊት አማካሪ ያነጋግሩ። ያስገቡትን ወረቀት ቀን አስመትተው ኮፒውን እርስዎ ጋ ያስቀሩ።